ምስክርና የምስክር ወረቀት፦ ከሌላ አገር የተገኘ ዕውቀት በጎጃም እንዴት ይታወቅ እንደ ነበር

ሰው በአንድ አገር የተማረውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር፣ የገባበት አገር ሕዝብ ዕውቀቱን በምን መርምሮ ይቀበለዋል? ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በባሕር ማዶ ዲፕሎማ አግኝተው ስለ ተመለሱ፣ ወይም ከዚህ ተምረው ወደ ባሕር ማዶ ስለ ተሰደዱ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ነው። ከዚህም የተነሣ ጉዳዩ ከዘመናዊ ትምህርት ጋራ አብሮ የመጣ ዐዲስ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ደጋ ዳሞት በሚወጣው አገር፣ ሰው ከወላጆቹ ርቆ ያገኘውን ዕውቀት የሚመዝኑ ሰዎችና ሥፍራዎች ዲፕሎማ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ነበሩ። አሠራራቸውም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የዕውቀቱ ዓይነት ሲለያይ ምዘናውም ይለያይ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት አነጋገር «ዕውቅና» የሚባለውን ነገር የቤተ ክህነት ሰዎች «ምስክር» ይሉታል። ድጓ ተምሮ የጨረሰ ሰው «አስመሰከረ» ይባላል፤ እገሌ የት አስመሰከረ ተብሎ ይጠየቃል። ምስክር በዳኛ ፊት ቆሞ ያየውንና የሰማውን የሚናገር ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። በኋላ ዘመን «የምስክር ወረቀት» የሚለው አነጋገር ሲለመድ የሰውዬው ቃል ወደ ወረቀቱ ተላለፈ፤ ወረቀቱ ግን እንደ ሰው መልሶ አይጠየቅም። ይህ የቃል ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ግን በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የቅኔ ቤቶች በስም ሦስት ናቸው። ጎንጅና ዋሸራ በጎጃም ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ዋድላ ከዓባይ ወዲያ በዛሬው ሰሜን ወሎ ይገኛል። የቅኔን ሥርዓት የሊቃውንቱ ትውፊት ለዮሐንስ ገብላዊና ለተዋናይ ይሰጣል። ከእነዚህ ሌላ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም በጎጃም ስማቸው የተጠራ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። ወደ እነዚህ ቦታዎች ከሸዋ፣ ከትግሬ፣ ከበጌምድርና ከወሎ ተማሪ ይመጣ ነበር፤ የጎጃሙም ልጅ በበኩሉ ዜማ ፍለጋ ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። አገሩ አስተማሪም ተማሪም፣ ተቀባይም ሰጪም ነበረ ማለት ነው።

ተማሪው ከአገሩ የሚርቀው መምህር በቅርብ በማጣት ብቻ አይደለም። በወላጆቹ አጠገብ የሚማር ልጅ ከብት እንዲጠብቅ፣ እርሻ እንዲያግዝ፣ ሲደርስም ጎጆ እንዲወጣ ይጠራል። ስለዚህ ትምህርት የፈለገ ልጅ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ ይዞ፣ አንዳንዴም ከወላጆቹ ጠፍቶ ይሄዳል። በደረሰበት አገር ዘመድ የለውም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ከመንደሩም ውሻ ይከላከላል። የቆሎ ተማሪ የተባለውም ስለዚህ ነው። በመንደሩ ዘንድ እንግዳ፣ በጉባኤው ዘንድ ግን የመምህሩ ልጅ ነው። መምህሩን «የኔታ» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ከየት መጣህ ከማን ተወለድህ ከማለት ይልቅ ከማን ተማርህ ብለው ይጠይቁታል። ይህ ጥያቄ የምስክር ሁሉ መጀመሪያ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን የምስክር ዓይነቶች ለይቶ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው የዜማ ምስክር ነው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተጻፉና ምልክት የተደረገላቸው ናቸው፤ ቃሉም ዜማውም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ተማሪው የሚጠበቅበት አንዳች ሳይጨምርና ሳይቀንስ መያዝ ነው። እንዲህ ላለው ዕውቀት ምስክር የሚሆን አንድ ሥፍራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ድጓ በየአገሩ ሊማሩት ቢቻልም ምስክሩ በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ፣ የአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ የቅዳሴም ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ ናቸው። ከቡሬ ወይም ከማንኩሳ የተነሣ ልጅ ድጓን ከአገሩ መምህር አሳምሮ ቢማርም ዓባይን ተሻግሮ ቤተልሔም ካልደረሰ ምስክር አለው አይባልም። እዚያም ሲደርስ የተማረው ከቤቱ ዜማ ጋራ ይተያያል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ ያልተሟላው ይሟላል። በጎጃም ያገኘው ዕውቀት ከንቱ ነው ተብሎ ከፊደል እንዲጀምር አይደረግም፤ የጎደለው ብቻ ይጨመርለታል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ዘመናዊው ሥርዓት ሲነገር ይፈለጋል።

ሁለተኛው የቅኔ ምስክር ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ፈጽሞ ይለያል። ቅኔ የሚተያይበት መጽሐፍ የለውም። ዛሬ የተባለው ለነገ አይሆንም፤ እንደ በዓሉ፣ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ዐዲስ መፍጠር ግድ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ እየወጣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከጫካ ወይም ከጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ግሱን፣ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን እየመረመሩ ያርማሉ ወይም ይጥላሉ። ይህን ለብዙ ዓመት ያዩ መምህር ሲመርቁት ምርቃታቸው ምስክር ነው። ነገር ግን ምርቃቱን ያልሰማ ሌላ ደብር ሲደርስ ምን ይሆናል? በማኅሌት ያቆሙትና ቅኔ እንዲያበረክት ይጋብዙታል። በዚያ በዓል፣ በዚያ ታቦት ስም፣ በዚያ ሌሊት መቀኘት ስላለበት ከሌላ ሰው የሰረቀው ቅኔ አይገጥምለትም። ጨለማው ሳይነጋ ሊቅነቱ ወይም ባዶነቱ ይታወቃል። በዓለም ካሉ የሙያ ፈተናዎች ይህን ያህል አጭር፣ ይህንም ያህል ለማጭበርበር የማይመች ብዙ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የቅኔው ምስክር ያለ አድልዎ ነበር ማለት አይቻልም። የዋድላ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቤቶች በአገባብና በአካሄድ ልዩነት አላቸው፤ የአንዱ ቤት ልጅ በሌላው ቤት ሰዎች መካከል ሲቀኝ ቅኔው ከመሰማቱ በፊት ቤቱ ይሰማል። የዜማው ምስክር ቦታው አንድ በመሆኑ ከዚህ ጭቅጭቅ ይድናል። በሌላ በኩል የቅኔው ምስክር ድኻውን ተማሪ ሌላ የሩቅ መንገድ አያስኬደውም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ የቆመ ሦስተኛ ዓይነትም ነበር፤ እርሱም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አራት ጳጳሳት ባስመጡ ጊዜ አቡነ ሉቃስ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አገር ለጎጃም ተሰጡ። ከግብፅ የሚመጣ ጳጳስ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ ይገባል፤ ቅኔ አይቀኝም፤ ድጓ አያውቅም። ነገር ግን ዲያቆንና ቄስ መሾም የሚችል እርሱ ብቻ ነው። የዋሸራ ሊቅ ዐርባ ዓመት ቢያስተምርም ደቀ መዝሙሩን ዲቁና ሊሰጠው አይችልም፤ ወደ ጳጳሱ መላክ አለበት። የጳጳሱ ሥልጣን የሚመነጨው ከላከው ከእስክንድርያ መንበር ነው እንጂ ከሚያውቀው ነገር አይደለም። ስለዚህ በአንድ አገር ሁለት ሚዛን ጎን ለጎን ቆመው ኖሩ፤ አንዱ ምን ታውቃለህ ሲል ሌላው ማን ላከህ ይላል። ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሲሾሙ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሲሆኑ ይህ ልዩነት እየጠበበ ሄዶ ተዘጋ። የጎጃም ሊቃውንት በዚህ ልዩነት ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት መኖራቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ከውጭ የመጣ ማዕርግ ከዕውቀት በላይ ሊቆም እንደሚችል አስቀድመው ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ዕውቀቱ ከታወቀለት በኋላ ሰውዬው ምን አገኘ? በዚህ ረገድ ደጋ ዳሞት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ወረዳ ተቀምጦ ባደረገው ጥናትና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ አገር ርስት የሚጠየቀው መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው አባት በአባትም በእናትም በኩል በመወለድ ነው። ተወላጅ የሆነ ሰው በልጅነቱ አገር ጥሎ ቢሄድም በክርክር ሊመለስ ይችላል፤ ያልተወለደ ግን በደጁ አይገባም። የቤተ ክርስቲያን መሬትም ቢሆን በባለ ርስቶች እጅ ነበር፤ የመሬቱ ግዴታ አገልግሎት ነው። ባለ ርስቱ ራሱ ቄስ ወይም ደብተራ ካልሆነ በእርሱ ፈንታ የሚያገለግል ሰው በእህል ያቆማል። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣው የተመሰከረለት ሊቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ስም ይቆማል፤ ድርጎውን ተቀብሎ ያገለግላል። ዕውቀቱን የሚጠራጠር የለም፤ መሬቱን ግን አያገኝም። ልጁም ከእናቱ ወገን ርስት ካልተካፈለ እንደ አባቱ ቅጥረኛ ይሆናል። በዚህ ላይ ከሩቅ የመጣ ደብተራ አስማት ያውቃል ተብሎ መፈራቱና መጠርጠሩ ይጨመራል። ችሎታን መቀበልና ሰውን መቀበል ሁለት ነገሮች መሆናቸውን የጎጃም ገጠር ከማንም በላይ ያሳያል።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ ታሪኩን የጀመሩት በማንኩሳ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስልም። ማንኩሳ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለች አገር ናት። የዚያች አገር ልጅ በዛብህ በትምህርቱ የተመሰገነ ሲሆን፣ ሊቅነቱ ከባላባቱ ቤት ያስገባዋል፤ የባላባቱን ልጅ ለማግባት ግን አያበቃውም። ደራሲው ራሳቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩ ስለ ሆኑ ይህን ወሰን ከሩቅ ሆነው የገመቱት አልነበረም። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ የታሪክ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይገባም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ነገር ግን ባለ ርስቱ፣ ባላባቱና ደብተራው እርስ በርስ እንዴት ይተያዩ እንደ ነበር ከዚያ የተሻለ የገለጠ የታሪክ መጽሐፍ እስካሁን አልተጻፈም።

የባሕር ማዶ ዲፕሎማ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ያገኘው ይህን የቆየ ልማድ ነው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ በህንድ አድገው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ ሴት አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደ ለዩዋቸው ይተረካል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ለሐኪምነታቸው የእንግሊዞች ወረቀት በቃ፤ ለኢትዮጵያዊነታቸው ግን ጠባሳ አስፈለገ። መንግሥትም ቢሆን ከተቀበላቸው በኋላ በሕክምና ብቻ አላቆያቸውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ፣ ጨርጨርን እንዲገዙ፣ በመጨረሻም በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር እንዲሆኑ አደረጋቸው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ሲመለሱ ጨርጨርን ገዝተዋል፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፣ በጄኔቭም ኢትዮጵያን ወክለው ተከራክረዋል። እነዚህ ሰዎች የተከበሩት በተማሩበት ልዩ ሙያ ሳይሆን ፈረንጅ አገር በመማራቸው ነው። ይህ ክብር ነው ወይስ ሙያን አለማወቅ? ሁለቱም ይመስላል። የተማረ ሰው ባነሰበት አገር አንዱን ለብዙ ሥራ ማዋል ግድ እንደ ነበር ባይካድም፣ ሕሙማኑ ሐኪማቸውን፣ መድፉም ባለሙያውን ማጣቱ አልቀረም።

በጠላት ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ የተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ተመልሰው በቡሬ መስመር ወደ ደብረ ማርቆስ ካለፉ በኋላ መንግሥት ሲቋቋም ሐኪሙም መምህሩም ከውጭ መምጣት ነበረበት። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የዛሬ ስሟን ያገኘችውም ከዚያ ዘመን ታሪክ ጋራ በተያያዘ ነው። በየአውራጃው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለት ዓይነት መምህራን በአንድ ግቢ ተገናኙ፤ አንዱ ከህንድ ወይም ከሌላ አገር በውል የመጣ ባለ ዲግሪ፣ ሌላው አማርኛና ግብረ ገብ የሚያስተምር የቤተ ክህነት ሰው። የፊተኛው ዲግሪ በወረቀቱ ታወቀ። የኋለኛው ግን በምን ይለካ? መወድስ የሚቀኝ ሰው ስንተኛ ክፍል ነው? ደረጃና ደመወዝ በክፍል ቁጥርና በዲፕሎማ ሲወሰን፣ የዋሸራ ምርቃት በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ረድፍ አልነበረውም። ሊቁ በገዛ አገሩ፣ ከተማረበት ጉባኤ ጥቂት በማይርቅ ቦታ፣ ማስረጃ የሌለው እንግዳ ሆነ ማለት ነው። በውጭ አገር የኢትዮጵያ ስደተኛ ባለሙያ ስለሚደርስበት ችግር በሚጻፍበት ጊዜ ይህ የቤት ውስጥ ስደት አብሮ አለመነሣቱ ያስገርማል።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሌላ መልክ ያሳያል። ኮሌጁ ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። የጤና መኮንን በገጠር ጤና ጣቢያ የሐኪምን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሙያ በብዙ አገሮች የሐኪሞች መዝገብ ውስጥ አቻ ስም አልነበረውም። ሥራው ታውቆ ስሙ ያልታወቀ ባለሙያ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሐኪም ለመባልም ሌላ ትምህርት ያስፈልገው ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የተሰደዱት ባለሙያዎች በደረሱበት አገር የጠበቃቸው የዜማው ዓይነት ምስክር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው፣ ከሌላ አገር የተመረቁ ሐኪሞችን የሚመረምረው ጉባኤ እንደ ቤተልሔም ያለ ነው፤ ከየትም የመጣ በዚያ በኩል ያልፋል። ይህን በመርሕ ደረጃ የሚነቅፍ ሊኖር አይገባም፤ የሕሙማን ነፍስ ያለበት ነገር ነው። ልዩነቱ ግን ሌላ ነው። በቤተልሔም የጎደለው ይሞላል፤ በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ግን ፈተናውን ያለፈውም ሐኪም፣ በአገሩ ሃያ ዓመት ያከመም ቢሆን፣ የሆስፒታል ልምምዱን እንደ ዐዲስ ተመራቂ መድገም ነበረበት። የቆሎ ተማሪውን ምስክሩን በሚጠብቅበት ጊዜ የአገሩ ሰው በቁራሽ ይረዳዋል፤ ስደተኛው ባለሙያ ግን የፈተናውን ገንዘብ በጉልበት ሥራ ራሱ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ እንደ ቅኔ በሥራ ላይ ታይቶ የሚታወቅ ሙያ፣ የቀዶ ሕክምናም ቢሆን የማስተማርም ቢሆን፣ በወረቀትና በጽሑፍ ፈተና ብቻ መመዘኑ የምዘናውን ዓይነት ከዕውቀቱ ዓይነት ጋራ አለማስማማት ነው። አንድ የማኅሌት ሌሊት የሚፈጽመውን ብዙ ዓመት የሚፈጀው ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ከውጭ የመጣ ማስረጃን የማመዛዘን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በኋላ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላልፏል። በአፍሪካ አገሮች መካከል ስለ ትምህርት ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሩሻ የተደረገው ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በአዲስ አበባ ተሻሽሎ ጸድቋል፤ በሥራ ላይ የዋለውም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በዐዲሱ ስምምነት ውስጥ ለዚህ ጥናት የሚስማማው ነጥብ፣ ማስረጃውን የማይቀበለው አገር በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ከፍ ያለ ልዩነት መኖሩን የማሳየት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። በቤተ ክህነቱ ሥርዓት የማስረዳት ሸክም ሁልጊዜ በመጪው ላይ ነበር፤ እዚህ ላይ ሸክሙ ወደ ተቀባዩ ዞረ። እንዲህ ያለ ነገር በዋሸራም በቤተልሔምም አልተሰማም።

በጎጃም ገጠር ደግሞ ሌላ ለውጥ ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትና የቤተ ክርስቲያን መሬት ሲቀሩ፣ በሌላ ሰው መሬት ስም የሚቆም ደብተራም አብሮ ቀረ። ባለ ርስቱ የሚከፍለው እህል ስለ ጠፋ የአገልጋዩ ኑሮ በምእመናን መዋጮ ላይ ወደቀ። የቅኔ ጉባኤዎቹ ግን አልተዘጉም፤ ተማሪው ዛሬም ከሩቅ አገር ይመጣል፤ የኔታም ከማን ተማርህ ብለው ይጠይቁታል።